ነጥብና መስመር፦ ሞተርሆምንና ብስክሌትን በዳኑብ ዳርቻ ስለማጣመር

(በፋኩልቲው ሕዝባዊ ንግግር መርሐ ግብር ላይ በቃል የቀረበ። ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ፣ ለንባብ እንዲመች መጠነኛ እርማት ተደርጎበታል።)



የዛሬው ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በተለጠፈ ጊዜ አንድ የሥራ ባልደረባዬ «የትራንስፖርት ጂኦግራፊ ትምህርት ወደ ሽርሽር ወረደ ማለት ነው?» ሲል ቀልዶብኛል። ቀልዱን በጸጋ ተቀብያለሁ፤ ነገር ግን በሽርሽሩ ውስጥ አንድ እውነተኛ የጂኦግራፊ ጥያቄ ተደብቆ ይገኛል። ሞተርሆም፣ ማለትም አልጋና ምድጃ፣ ውኃና መጸዳጃ በውስጡ ያለው መኪና፣ ለተጓዡ በካርታ ላይ አንድ ነጥብ ይሰጠዋል። በዚያ ነጥብ ያድራል፣ በዚያ ያበስላል፣ ወደዚያ ይመለሳል። ረጅም የብስክሌት መንገድ ግን መስመር ነው። ከአንድ ከተማ ተነሥቶ ወደ ሌላ ከተማ ይዘልቃል እንጂ ወደ ተነሣበት አይመለስም። እንግዲህ ሁለቱን ለማጣመር የሚሻ ሰው በየማለዳው አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል፦ በመስመሩ ላይ ስሄድ ከዋልኩ በኋላ ወደ ነጥቤ እንዴት እመለሳለሁ?

ይህን ጥያቄ አቅልሎ ያየ ሰው ምን እንደሚያገኘው ከራሴ ታሪክ ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር በጀርመን አገር ሞተርሆም ተከራይተን የዳኑብን ወንዝ ተከትለን ወደ ኦስትሪያ ወረድን። ሜልክ የምትባለው ከተማ ደረስን፤ በአለት ራስ ላይ በተሠራው ታላቅ የቤኔዲክት መነኮሳት ገዳም የታወቀች ናት። ባለቤቴ ጉልበቷን ትታመም ስለነበረ ከትንሿ ልጃችን ጋር በመኪናው ቀረች። እኔና ልጄ ወደ ክሬምስ በብስክሌት ወረድን፤ ርቀቱ 36 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዕቅዴ በጀልባ መመለስ ነበር። የወይን እርሻውን ስናይ፣ ፍራፍሬ ስንገዛ፣ በየመንደሩ ስንቆም ጊዜው ነጎደ፤ ክሬምስ ስንደርስ የመጨረሻው ጀልባ ሄዷል። በባቡር ለመመለስ ደግሞ በሳንክት ፖልተን መለወጥ ያስፈልጋል። የስልኬም ባትሪ አልቆ ነበር። ሜልክ የገባነው ከመሸ በኋላ ነው። ባለቤቴ አልተቆጣችም። «አንተ ወንዙን አየህ፤ እኔ መኪናውን ጠበቅሁ» ብቻ አለችኝ።

ይህች አነጋገር ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አልለቀቀችኝም። ዛሬ የምናገረውም በአብዛኛው ለእርሷ የተሰጠ ዘግይቶ የመጣ መልስ ነው።

በመጀመሪያ ስለ መንገዱ። ዳኑብ በደቡብ ጀርመን፣ በዶናውኤሺንገን አካባቢ ከሁለት ትናንሽ ወንዞች መገናኛ ተነሥቶ 2,850 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ወደ ጥቁር ባሕር ይገባል። በዳርቻው የሚሄደው የብስክሌት መንገድ ዩሮቬሎ 6 ተብሎ የሚጠራው፣ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ እስከ ጥቁር ባሕር ከ4,400 ኪሎ ሜትር በላይ የሚዘልቀው የአውሮፓ መሥመር አካል ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚዘወተረው ግን በጀርመን ድንበር ካለችው ከፓሳው እስከ ቪየና ያለው ክፍል ነው። ርዝመቱ በወንዙ ልኬት 300 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ወንዙ በዚህ ሁሉ ርቀት የሚወርደው 130 ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ በአንድ ኪሎ ሜትር ከግማሽ ሜትር ያነሰ ማለት ነው። የአባይን በረሃ ቁልቁል ወርዶ ሽቅብ የወጣ ሰው ይህን ቁጥር ሲሰማ ወንዝ ሁሉ አንድ ዓይነት ጠባይ እንደሌለው ይረዳል። አባይ ሸለቆውን ቆፍሮ መንገደኛውን ከዳርቻው ሲያርቅ፣ ዳኑብ በዚህ ክፍሉ መንገደኛውን ከጎኑ ይዞ ይሄዳል።

መንገዱ ለምን ከውኃው ጫፍ ሳይለይ ይሄዳል? ለብስክሌት ታስቦ ስላልተሠራ ነው። ሞተር ከመምጣቱ በፊት ጨውና እህል የጫኑ ጀልባዎች ወደ ላይ የሚወጡት በፈረሶች እየተጎተቱ ነበር፤ ረጅም ገመድ በፈረሶቹ ይታሰርና ፈረሶቹ በዳርቻው ይሄዳሉ። ፈረሱ የሄደበት ይህ የመጎተቻ መንገድ ከውኃው ሊርቅ፣ ዳገት ሊወጣ፣ ድንገት ሊታጠፍ አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1829 የዳኑብ የእንፋሎት መርከብ ኩባንያ በቪየና ከተመሠረተ በኋላ ፈረሶቹ ቀስ በቀስ ሥራ አጡ፤ መንገዱ ግን ለወንዙ ጠባቂዎች መመላለሻ ሆኖ ቀረ። በ1980ዎቹ ለብስክሌት ሲከፈት ልሙጥ፣ ሜዳማና ከመኪና የተለየ ጎዳና ተዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር። የኃይል ማመንጫ ግድቦቹም የራሳቸውን ድርሻ አበርክተዋል። በኦስትሪያ ዳኑብ ላይ፣ በድንበር ያለውን የዮኸንሽታይንን የጋራ ግድብ ጨምሮ፣ አሥር ግድቦች አሉ፤ ብዙዎቹ ለብስክሌተኛ መሻገሪያ ድልድይ ሆነው ያገለግላሉ። የፈረስ ድካምና የኤሌክትሪክ ፍላጎት ተደምረው የሽርሽር መንገድ ወለዱ ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ነጥቡና ወደ መስመሩ እንመለስ። ብዙ ሰው፣ እኔም በዚያ ቀን እንዳደረግሁት፣ መኪናውን በጉዞው መነሻ ያቆማል፤ ማለዳ ይነዳል፤ ማታ የመመለሻ ባቡር ወይም ጀልባ ይፈልጋል። ይህ ስሕተት ነው። ስሕተትነቱም ድካሙንና የጊዜ ሰሌዳውን በአንድ ሰዓት ላይ ስለሚያጋጥማቸው ነው። በእግሩ ኃይል የሚጓዝ ሰው መቼ እንደሚደርስ በርግጠኝነት አያውቅም፤ ጎማ ይፈነዳል፣ ዝናብ ይመጣል፣ ልጅ ይራባል። ባቡር ግን ሰዓቱን ያውቃል። እርግጠኛው ነገር በጠዋት፣ እርግጠኛ ያልሆነው ከሰዓት በኋላ ቢሆን ይሻላል። መኪናው በመድረሻው ይቁም፤ ተጓዡ ገና ሳይደክም፣ የሰዓቱ ሰሌዳ በእጁ እንዳለ፣ በጠዋቱ ባቡር ወይም ጀልባ ወደ መነሻው ይሂድ፤ ከዚያ በኋላ ቀኑ ሁሉ የእርሱ ነው። በስድስት ሰዓትም ይድረስ በአሥራ ሁለት፣ አልጋው በዚያው ይጠብቀዋል። የሚያመልጠው ነገር የለም።

በዚህ ላይ ነፋሱ አለ። በመካከለኛው አውሮፓ አዘውትሮ የሚነፍሰው ከምዕራብ ነው፤ ዳኑብም ከፓሳው እስከ ቪየና በጠቅላላው ወደ ምሥራቅ ይፈሳል። ስለዚህ መኪናውን በታችኛው ከተማ አቁሞ፣ በባቡር ወደ ላይኛው ሄዶ፣ ከወንዙ ጋር የሚወርድ ሰው ቁልቁለቱንም ነፋሱንም ከጀርባው ያገኛል። ቁልቁለቱ፣ እንዳልኩት፣ እምብዛም አይሰማም። ነፋሱ ግን ይሰማል። በተቃራኒው አቅጣጫ 30 ኪሎ ሜትር የነዳ ሰው ይመስክር።

ከሜልክ እስከ ክሬምስ ያለው ክፍል ዋካው ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2000 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የኦስትሪያ ዳኑብ በግድብ ሳይታገድ በነጻ ከሚፈስባቸው ሁለት ክፍሎች አንዱ ነው፤ ሌላው ከቪየና በታች ያለው ነው። በእርከን የተሠራ የወይን እርሻ፣ በሕግ የተጠበቀ ስም ያለው የአፕሪኮት ፍሬ፣ የእንግሊዙ ንጉሥ ሪቻርድ አንበሳ ልቡ ከመስቀል ጦርነት ሲመለስ እ.ኤ.አ. በ1192 መገባደጃ ተይዞ የታሰረበት የዱርንሽታይን ፍርስራሽ ግንብ፤ ሁሉም በዚህ አጭር ርቀት ውስጥ ይገኛል። በሜልክና በክሬምስ መካከል አንድም ድልድይ የለም። ከመሻገሪያዎቹ ሁለቱ በሽፒትስና በቫይሰንኪርኸን ያሉት ጀልባዎች ናቸው፤ በወንዙ ላይ በተዘረጋ የብረት ገመድ ታስረው፣ ያለ ሞተር፣ በወራጁ ውኃ ግፊት ብቻ ከዳር ወደ ዳር ይሄዳሉ። ተማሪዎች ብትሆኑ ኖሮ በዚያ ቆማችሁ የኃይል አቅጣጫዎችን በሥዕል እንድታሳዩኝ አደርግ ነበር። ተማሪዎች መሆናችሁን ዘንግቼ አይደለም፤ እዚያ መሆናችሁን ለማለት ነው።

ከዚያ ክፉ ማታ ማግስት ሞተርሆሙን ወደ ክሬምስ ወሰድነው። በሚቀጥለው ጠዋት አራታችንም በመርከብ ሽቅብ ወደ ሜልክ ሄድን፤ ብስክሌቶቹም ከእኛ ጋር ተጫኑ። መርከቡ ወራጁን ስለሚጋፋ ወደ ላይ መውጣቱ ከመውረዱ በእጅጉ ይዘገያል፤ ለእኛ ግን ዘገምታው ራሱ ጉዞ ነበር፤ ባለቤቴ ወንዙን ከመርከቡ ጣሪያ ላይ በሙሉ አየችው። ሜልክ ከደረስን በኋላ እኔና ልጄ በብስክሌት ወረድን፤ እርሷና ትንሿ ልጅ ገዳሙን ጎብኝተው በመርከብ ተመለሱ። በዚያ ቀን ሰዓቴን አላየሁም። መንገዱም ወንዙም ያው ነበር፤ የተለወጠው የመኪናው ቦታ ብቻ ነው።

ይህ ደንብ በዳኑብ ብቻ የተወሰነ አይደለም። በጀርመን የሞዘል ወንዝ ላይ ከዚህም የሚያስደስት ምሳሌ አለ። ሞዘል ኮኸም ከሚባለው ከተማ በላይ እጅግ ተጠማዝዞ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ይዞራል። የባቡር ሐዲዱ ግን ጠመዝማዛውን አይከተልም፤ እ.ኤ.አ. በ1879 በተከፈተውና ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ በሚረዝመው የንጉሠ ነገሥት ቪልሄልም ዋሻ በተራራው ሥር ያቋርጣል። መኪናውን በኮኸም ያቆመ ሰው በባቡር አንዲት ጣቢያ ብቻ ሄዶ ኤዲገር ኤለር ላይ ይወርዳል፤ ዋሻው የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ነው። ከዚያ ጠመዝማዛውን በሙሉ ከወንዙ ጋር ሲወርድ ውሎ በመኪናው ደጃፍ ይደርሳል። ለሕፃናትና ለአረጋውያን ከዚህ የተሻለ የአንድ ቀን ጉዞ አላውቅም። በነገራችን ላይ ይህ ሐዲድ በርሊንን ከሜትስ ለማገናኘት ከታቀደው፣ ሕዝቡ «የመድፍ ሐዲድ» ብሎ ከሚጠራው የጦር መሥመር ክፍል ነበር። ፈረንሳይን ለመውጋት የተቆፈረ ዋሻ ዛሬ ብስክሌት የያዙ ቤተሰቦችን ያመላልሳል።

ነገር ግን ባቡሩ ብስክሌት ካልወሰደ ይህ ሁሉ ከንቱ ነው። በጀርመንና በኦስትሪያ የአካባቢ ባቡሮች ብስክሌት በተለየ ቲኬት ይጭናሉ፤ ቦታ ከሞላ ግን ሠራተኛው ሊከለክል ይችላል፤ የበጋ ቅዳሜና እሑድ ጠዋት ይህ በተደጋጋሚ ይደርሳል። ፈጣኖቹ የረጅም ርቀት ባቡሮች አስቀድሞ ቦታ ማስያዝን ይጠይቃሉ። በጠዋት መሄድን የመረጥኩበት ሌላው ምክንያት ይኸው ነው፤ ጠዋት ባቡር ያልወሰደው ሰው ቀጣዩን ይጠብቃል፣ ማታ ያልወሰደው ግን በጣቢያ ያድራል።

ስለ ክብደት ጥቂት ልናገር፤ ስለዚህ ነገር ሻጮች እምብዛም አይናገሩም። በአውሮፓ አብዛኛው የኪራይ ሞተርሆም ጠቅላላ ክብደቱ በ3,500 ኪሎ ግራም የተወሰነ ነው፤ ተራው የመኪና መንጃ ፈቃድ ሲያገለግል የኖረው እስከዚህ ክብደት ድረስ ስለሆነ ነው። በኦስትሪያ የተፈቀደለት ክብደት ከዚህ የበለጠ ተሽከርካሪ የአውራ ጎዳና ክፍያውም ይለያል፤ በመስታወት ላይ የሚለጠፈው ምልክት አይበቃውም፣ በየኪሎ ሜትሩ የሚቆጥር መሣሪያ መግጠም ግድ ይሆናል። አልጋው፣ ውኃው፣ ነዳጁ፣ አራት ሰውና ጓዛቸው ሲደመሩ የሚተርፈው ቦታ ጥቂት ነው። በዚህ ላይ ሁለት የኤሌክትሪክ ብስክሌቶችን እንጨምር፤ እያንዳንዱ 25 ኪሎ ግራም፣ መስቀያው 20፤ በጠቅላላው 70 ኪሎ ግራም። ብዙ አይመስልም።

ይሁን እንጂ መስቀያው ያለው ከኋላ ጎማዎች በስተኋላ ነው። በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት 4 ሜትር፣ ከኋላ ጎማዎቹ እስከ ብስክሌቶቹ መካከል ደግሞ 2.5 ሜትር ነው እንበል። በሌቨር ሕግ መሠረት በኋላ አክስል ላይ የሚጨመረው ጭነት 70 ሲባዛ በ6.5፣ ሲካፈል ለ4 ነው፤ 114 ኪሎ ግራም ገደማ ይሆናል። ትርፉ 44 ኪሎ ግራም የመጣው ከፊት ጎማዎቹ ተነሥቶ ነው። ስለዚህ የኋላው ከሚገባው በላይ ሲጫን የፊተኛው ይቀልላል፤ መኪናውን የሚመራው ደግሞ የፊተኛው ነው። በብዙ ሞተርሆሞች የሚጎትተውም እርሱ ነው፤ በእርጥብ ሣር ላይ ያለ ተስፋ የሚሽከረከር የፊት ጎማ ያየ ሰው ምክንያቱን እነሆ አገኘ። መኪናውን በሙሉ ጭነቱ፣ ሰዎቹ ተቀምጠውበት፣ እያንዳንዱን አክስል ለየብቻ በሚዛን ላይ ማቆም የግድ ነው። የብስክሌቶቹ ባትሪዎች ተነቅለው ወደ ውስጥ ይግቡ፤ ክብደቱ ወደ መካከል ይመጣል፣ ባትሪዎቹም ከዝናብና ከመናወጥ ይድናሉ። ወደ ጣሊያን ወይም ወደ ስፔን የሚሻገር ሰው በመስቀያው ላይ ቀይና ነጭ ሽንትር ያለው የማስጠንቀቂያ ሰሌዳ መስቀል እንዳለበትም አይዘንጋ።

ማደሪያን በተመለከተ የጀርመን ከተሞች ለሞተርሆም ብቻ የተለየ ማቆሚያ አዘጋጅተዋል፤ ከካምፕ ቦታ የሚለየው ለአንድ ወይም ለጥቂት ሌሊት ማደሪያ እንዲሆን የታሰበ፣ ውኃ የሚቀዳበትና ቆሻሻ የሚፈስስበት ቀላል ስፍራ በመሆኑ ነው። በኦስትሪያ ከካምፕ ቦታ ውጭ ማደር እንደየክፍለ ሀገሩና እንደየማዘጋጃ ቤቱ ስለሚለያይ በስፍራው መጠየቅ ይገባል። ከእነዚህ ማቆሚያዎች ብዙዎቹ ከወንዙ ጫፍ ላይ ናቸው፤ ተጓዡም መስኮቱን ከፍቶ ውኃውን ሲያይ ዕድለኛ እንደሆነ ያስባል። መሬቱ ለምን ባዶ እንደነበረ ግን አይጠይቅም። ቤት ያልተሠራበት ጎርፍ ስለሚወስደው ነው። እ.ኤ.አ. በጁን 2013 በፓሳው የዳኑብ ውኃ እስከ 12.89 ሜትር ድረስ ወጥቷል፤ ከ1501 ወዲህ እንደዚያ ከፍ ብሎ አያውቅም። በሴፕቴምበር 2024ም የታችኛው ኦስትሪያ በከባድ ጎርፍ ተመታ። በፓሳው በአሮጌው ማዘጋጃ ቤት ግድግዳ ላይ የየዘመኑ ጎርፍ ከፍታ ተጽፏል፤ ከታች ቆሞ ወደ ላይ ማየት ለሞተርሆም ነጂ ከየትኛውም መመሪያ መጽሐፍ ይበልጣል። ዝናብ ለብዙ ቀናት ሲጥል መኪናውን ትቶ በብስክሌት መራቅ አይገባም።

ውብ ስለሚባሉ መንገዶች ስናወራ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ሕሊናዬ አይፈቅድልኝም። ከሊንዝ በታች መንገዱ ማውትሃውዘን በምትባል ንጹሕና ጸጥተኛ ከተማ አጠገብ ያልፋል። ብስክሌተኞች በዳርቻው ቡና ጠጥተው ይሄዳሉ። ከኮረብታው ላይ ግን እ.ኤ.አ. ከ1938 እስከ 1945 የናዚ የማጎሪያ ካምፕ ነበረ፤ በእርሱና በቅርንጫፎቹ 190,000 ያህል ሰዎች ታስረዋል፤ ቢያንስ 90,000 ሞተዋል። እስረኞቹ ድንጋይ ተሸክመው 186 ደረጃዎችን ይወጡ ነበር። ከውኃው የማይለየው ሜዳማ መንገድ፣ በተፈጥሮው፣ ኮረብታ ላይ ያለውን ነገር አያሳይም። ሞተርሆም ያለው ሰው በዚያ ቀን ብስክሌቱን ሳያወርድ ግማሽ ቀን ሰጥቶ ሊወጣ ይችላል። እኛ እንደዚያ አደረግን፤ ትልቁ ልጄ ከዚያ በኋላ ለብዙ ኪሎ ሜትር አልተናገረም። መስመሩ ያላሳየንን ነጥቡ አሳየን።

በሞተርሆም ተጓዦች ላይ የሚሰነዘር አንድ ወቀሳም አለ፤ ትክክለኛ ወቀሳ ይመስለኛል። ብስክሌት ብቻ ይዞ የሚጓዝ ሰው በየመንደሩ ያድራል፣ በየመንደሩ ይበላል፤ ገንዘቡ በመስመሩ ላይ ይዘራል። ሞተርሆም ያለው ግን አልጋውንና ማቀዝቀዣውን ይዞ ይዞራል፤ ምግቡን ከከተማ ገበያ ገዝቶ ከመንደሩ የሚወስደው እይታውን ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዳቦውን፣ ወይኑንና ፍራፍሬውን ከዚያው ከአምራቹ መግዛት ልግስና ሳይሆን የኪራይ ክፍያ ነው ብዬ አስባለሁ። የማይስማማ ሰው ካለ በጥያቄው ሰዓት ይሟገተኝ።

ወደ ባለቤቴ ቃል ልመለስ። የጠዋቱ ባቡር ደንብ የማይሠራበት አንድ ክፍል አለ፤ እርሱም ከፓሳው እስከ ሊንዝ ያለው ነው። እዚያ የባቡር ሐዲዱ ወንዙን ትቶ በሸርዲንግና በቬልስ በኩል ይዞራል። በመካከሉ ባለችው በሽሎገን ግን ዳኑብ አለት ገጥሞት ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ ይታጠፋል፤ በእኔ ዓይን ከመንገዱ ሁሉ እጅግ የሚያምረው ስፍራ ይህ ነው፤ ባቡር የለውም። በበጋ የሚመላለሱ መርከቦች አሉ፤ ርቀቱ ግን ጉልበቷን ለምትታመም ሴት ይረዝማል። ብዙ ቤተሰቦች ይህን የሚፈቱት አንዱ ቀኑን ሙሉ እየነዳ ሌላው በብስክሌት እየተዝናና ነው። የሚነዳውም ሰው፣ እንደምታውቁት፣ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ሰው ይሆናል።

መፍትሔው አዲስ አይደለም። ቀድሞ አንድ በቅሎ ብቻ ያላቸው ሁለት መንገደኞች ያደርጉት የነበረ ነው፤ አንዱ ጥቂት ጋልቦ በቅሎዋን ከዛፍ ያስርና በእግሩ ይቀጥላል፤ በእግሩ የመጣው ሁለተኛው ሲደርስ ፈትቶ ይጋልባል። በሞተርሆምም እንዲሁ ነው። እኔ ከፓሳው በብስክሌት እነሣለሁ፤ ሽሎገን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ባለቤቴ ብስክሌቷን ሰቅላ ሞተርሆሙን እየነዳች ትቀድመኛለች፤ በሽሎገን የካምፕ ቦታ ስላለ እዚያ ታቆመዋለች፤ ከዚያ በኤሌክትሪክ ብስክሌቷ 27 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ አሻኽ ትወርዳለች። እኔ ሽሎገን ስደርስ በሁለተኛው ቁልፍ መኪናውን ከፍቼ፣ ብስክሌቴን ሰቅዬ፣ እየነዳሁ አሻኽ ላይ አገኛታለሁ። ሁለቱም ይነዳሉ፣ ሁለቱም ወንዙን ያያሉ፣ የሚጠብቅ ሰው የለም። የሚያስፈልገው ሁለት መንጃ ፈቃድና ሁለት ቁልፍ ነው፤ ስለዚህ ሞተርሆም ስትከራዩ ሁለተኛውን ቁልፍ መጠየቅ አትርሱ፤ አንዳንድ አከራዮች ካልተጠየቁ አይሰጡም። በወንዙ ደቡባዊ ዳርቻ መሄድም ይመከራል፤ በሰሜኑ በኩል በጠመዝማዛው ላይ መንገዱ ይቋረጥና በትንሽ ጀልባ መሻገር ይመጣል።

በመጪው በጋ ይህን ክፍል ልንሄድ አስበናል። ከሽሎገን ቁልቁል ያለውን የመረጠችው እርሷ ናት፤ ካርታውን ዘርግታ ጠመዝማዛው ከየት እስከ የት እንደሆነ በጣቷ ከለካች በኋላ፣ «መኪናውን ጠባቂ በዚህ ጊዜ አንተ ነህ» አለችኝ። ይህ በአሠራሩ ትክክል እንዳልሆነ፣ ማንም ጠባቂ እንደማይኖር ላስረዳት ሞከርኩ፤ አልሰማችኝም።